ሁለቱም ጎማው የሚጎትት ሞተር ሳይክል፦ ከአስፋልት ሲወጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከአራት ኪሎ ተነስቶ በስድስት ኪሎና በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሰው፣ መንገዱ ካልተዘጋጋበት፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው አስፋልቱን ለቆ ባሕር ዛፍ መሐል ይገባል። ከተራራው ጀርባ ደግሞ የሱሉልታ ሜዳ አለ። በመሐል አዲስ አበባ እየኖረ በአፈር መንገድ መንዳት ለሚወድ ሰው ከዚህ የቀረበ ቦታ የለም፤ ቀይ አፈሩም፣ ድንጋዩም፣ ጎርፍ የበላው ቦይም፣ ጥቁር ጭቃውም በአንድ ከሰዓት ውስጥ ይገኛሉ።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው የፊቱም ጎማ ከሞተሩ ጉልበት የሚያገኝበትን ሞተር ሳይክል ነው። እንዲህ ዓይነቱ በአገራችን ብርቅ በመሆኑ፣ ጋራዥ ውስጥ የእኔን ያየ ሁሉ ከፊት አሞርዛተሩ ጎን የሚወርደውን ዘንግ ጎንበስ ብሎ ይመለከትና «ይህማ ፎርዊል ነው፤ የትም ይወጣል» ይላል። እኔም በመጀመሪያው ዓመት እንደዚያ አምን ነበር፤ ከዚህ በታች ከዘረዘርኳቸው ስህተቶች አብዛኞቹም የመነጩት ከዚሁ እምነት ነው።

የመጀመሪያው ስህተት የራስን መሣሪያ አሠራር ሳያውቁ መነሳት ነው። ሁለቱም ጎማ ይጎትታል ሲባል በሁሉም ላይ አሠራሩ አንድ ዓይነት አይደለም። የአሜሪካው ሮኮን በሰፋፊና ለስላሳ ጎማ ቀስ እያለ ደን ውስጥ ለመግባት የተሠራ ሲሆን፣ የቸርኬዎቹ ውስጥ ክፍት ስለሆነ ውኃ ወይም ነዳጅ ሊሞላባቸው ይችላል፤ ፈጥኖ ለመንዳት ግን አልታሰበም። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ቱ ትራክ የተባለ ሞዴል ላይ ጉልበቱ ወደ ፊት ጎማ የሚደርሰው በዘይት ግፊት፣ በቱቦ ነበር። ኡራል የተባለው ባለ ተሳፋሪ ቅርጫት ሞተር ሳይክል ደግሞ የፊት ጎማውን ሳይሆን የቅርጫቱን ጎማ ነው ከኋላው ጋር የሚያያይዘው፤ በመካከላቸው ጎማዎቹን በየራሳቸው ፍጥነት የሚያዞር ዲፍረንሻል ስለሌለ ደረቅ አስፋልት ላይ ሁለቱን አያይዞ መታጠፍ መሪውን ከማስቸገር አልፎ ማርሹን ያጎሳቁላል።

እኔ የምነዳው ክሪስቲኒ እንደተባለው የአሜሪካ ሥሪት ያለውን ነው፤ አሠራሩንም ትንሽ ሰፋ አድርጌ ማስረዳት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው። በዚህ ዓይነቱ መሣሪያ ላይ የፊት ጎማው ከሞተሩ በኩል የሚሰጠው ዙር ከኋላው ያነሰ ነው፤ የኋላው አሥር ጊዜ ሲዞር የፊቱ ስምንት ጊዜ ያህል እንዲዞር ተደርጎ የተሠራ ነው። በጥሩ መሬት ላይ ሁለቱም ጎማዎች እኩል ስለሚንከባለሉ፣ የፊቱ ከሚሰጠው ዙር ቀድሞ በነፃ ይሄዳል፤ ልክ የብስክሌት የኋላ ጎማ ፔዳሉ ቆሞም እንደሚሽከረከረው ማለት ነው። የኋላው ማንሸራተት ሲጀምርና ዙሩ ከመሬቱ ፍጥነት በልጦ ሲሄድ ብቻ ለፊቱ የሚሰጠው ዙር ደርሶበት ይይዘውና መጎተት ይጀምራል። ስለዚህ የፊት ጉልበት ሁልጊዜ የሚሠራ ሳይሆን ኋላው ሲሸነፍ የሚደርስ ረዳት ነው። ይህን ያልተረዳ አሽከርካሪ የፊት ጉልበቱን ማስገቢያ ከፍቶ፣ ደረቅ ዳገት ላይ «ምንም ለውጥ የለውም» ብሎ ሲያማርር ሰምቻለሁ፤ ለውጥ እንዲኖር መጀመሪያ የኋላው መሸነፍ ነበረበት።

ከዚሁ የሚከተለው ሁለተኛው ስህተት ቁልቁለት ላይ የፊት ጉልበትን መተማመን ነው። ጋዝ ተለቆ ሞተሩ ሲይዝ የሚያዘው የኋላው ጎማ ብቻ ነው፤ የፊቱ በነፃ ስለሚንከባለል ከሞተሩ ምንም ዓይነት መያዣ አያገኝም። በሌላ አነጋገር፣ ያ ሁሉ የወጣንበት ጉልበት ለመውረጃው ቅንጣት ታህል አይጠቅመንም። የእንጦጦ ቁልቁለት ደግሞ ረጋ ብሎ ማየት ይፈልጋል። ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል መንገዱ ላይ ሲነጠፍ ከሥሩ ያለው አይታይም፤ ተልጦ የወደቀው ልጣጭ ደግሞ ተጠቅልሎ እንደ ዱላ ስለሚሆን፣ ጎማው ሲረግጠው ይንከባለላል። እዚያ ላይ የፊት ፍሬን በድንገት የጨበጠ ሰው ምን እንደሚሆን ከክርኔ ጠባሳ አውቃለሁ። ከቁልቁለቱ አናት ላይ ወደ አንደኛ ማርሽ ወርዶ፣ ክብደትን ወደ ኋላ አድርጎ፣ ፍሬንን በአንድና በሁለት ጣት እየለማመጡ መውረድ ከተራ ሞተር ሳይክል ላይ የተማርነው ነው፤ እዚህም የሚለወጥ ነገር የለም።

ዳገት ላይ ግን ከተራው የተማርነው ልማድ ራሱ ስህተት ይሆናል፤ ከሁሉም የከበደኝም ይህ ነበር። የኋላ ጎማው ብቻ በሚገፋ ሞተር ሳይክል ላይ፣ ዳገቱ ሲያዳልጥ ሰው ወደ ኋላ ተቀምጦ ክብደቱን በኋላው ጎማ ላይ ይጥላል፤ የፊቱ ቢቀልም ግድ የለውም። በሁለቱም ጎማ በሚጎትተው ላይ እንዲህ ማድረግ የከፈሉበትን ነገር መጣል ነው፤ አየር ላይ ያለ ወይም መሬቱን ብቻ የሚዳስስ ጎማ የሚጎትተው የለምና። ከመቀመጫው ተነስቶ፣ ጉልበትን አጠፍ አድርጎ፣ ደረትን ወደ መሪው ማስጠጋት ያስፈልጋል። ስሜቱ መጀመሪያ ላይ የተገለበጠ ይመስላል፤ የኋላው ሲንሸራተት ይሰማል፣ ሰውነት ጋዝ ልቀቅ ይላል፣ ነገር ግን ጋዙ ሳይጨመርና ሳይቀነስ በነበረበት ከቆየ የፊቱ መሬቱን ቧጥጦ ሲይዝ መሪው ላይ ይታወቃል። በዚያች ቅጽበት ጋዝ የለቀቀ ሰው ሁለቱንም ያጣል። የፊት ጎማው የሚጎትተው ወደዞረበት አቅጣጫ ስለሆነም፣ ዓይንም መሪም መውጣት ወደሚፈለግበት ማየት አለባቸው፤ ቦዩን ፈርቶ ቦዩን ያየ ሰው፣ ራሱ ጎማው ይጎትትና ይዞት ይገባል።

ስለ ጎማ ነፋስ ሲነገር ብዙ ሰው ይሰለቻል፤ እኔ ግን ከፊት ጉልበቱ ይልቅ ልዩነት የሚያመጣው ነፋሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ካላማዳሪ ያለው የአፈር ጎማ በለሰለሰ መሬት ላይ ነፋሱ ከ12 እስከ 14 ፒ.ኤስ.አይ. (የግፊት መለኪያ) አካባቢ ሲሆን ተዘርግቶ መሬቱን ይይዛል። አንድ ጊዜ ከመሐል ከተማ ስነሳ ጎማዬን ለአንድ ጎሚስታ ሰጥቼው፣ ጠግኖ ከመለሰልኝ በኋላ ሳልለካ ወጣሁ። ሰውየው እንደ ለመደው 30 ሞልቶት ኖሮ፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ ስደርስ ሞተር ሳይክሉ እንደ ኳስ ነጠረ። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም፤ እሱ የሚያውቀው አስፋልት የሚሄደውን ነው። አነስተኛ መለኪያና የእጅ መንፊያ ይዞ መሄድ የእኔ ፋንታ ነበር።

ነፋሱ ሲቀንስ ደግሞ ሌላ ነገር ይከተላል። ጎማው ቸርኬው ላይ ተንሸራትቶ ካላማዳሪውን ይዞ ሊዞር፣ የነፋስ መሙያውንም ከሥሩ ሊበጥስ ይችላል። ይህን የሚከለክለው ጎማውን ከውስጥ በኩል ቸርኬው ላይ ወጥሮ የሚይዘው መቆንጠጫ ሲሆን፣ ብዙ ሰው ለኋላው ብቻ ያስገባዋል። የፊቱም ጎማ በሚጎትትበት መሣሪያ ላይ ለፊቱም የግድ ነው። ጎማ ሲቀየርም ቁመቱ ከመጀመሪያው እንዳይርቅ መጠንቀቅ ያሻል፤ ከፍ ያለ ወይም ዝቅ ያለ ጎማ ከአንዱ ወገን ከገባ፣ ከላይ ያልኩት የአሥርና የስምንት ስሌት ይዛባና የፊቱ ያለ ጊዜው ይይዛል ወይም ከናካቴው ይዘገያል።

በክረምት ጥቁር አፈር ውስጥ መግባት ራሱን የቻለ ስህተት ነው። የሱሉልታ ሜዳ በበጋ ተሰነጣጥቆ ድንጋይ የሚመስል ሲሆን፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ግን ዋልካው ውኃ ጠጥቶ ያብጥና ያጣብቃል። ጎማው በተሽከረከረ ቁጥር ጭቃው ይጠቀለልበታል፤ ከፓራፋንጎው ጋር ያለውን ክፍተት ይሞላና ጎማውን ቀጥ ያደርገዋል። በተራው ሞተር ሳይክል ላይ የፊቱ ስለማይቆፍር ሰው የኋላውን ብቻ አውጥቶ ይመለሳል። በእኔው ላይ ሁለቱም ስለሚቆፍሩ፣ ጋዝ በሰጠሁ ቁጥር እየጠለቀ ሄዶ የሞተሩ ሆድ ጭቃው ላይ ተኛ። ዳር ላይ ሆኖ ከብቶቹን እየጠበቀ ሲያየኝ የነበረ ልጅ ቀረብ ብሎ «ጋሼ፣ እዚህ በክረምት በሬም አይገባም» አለኝ። ከዚያ ወዲህ የማላውቀው ጭቃ ጋ ስደርስ ወርጄ በእግሬ እገባበታለሁ፤ ጫማዬ ሲወጣ ዙሪያውን ጭቃ ጠቅልሎ ከከበደ እመለሳለሁ። ጎማው መሬት ሳይዝ ከሁለት ጊዜ በላይ ከዞረ ደግሞ ጋዙን መልቀቅና መሣሪያውን በጎኑ አጋድሞ ከገባበት ጉድጓድ ማውጣት ይሻላል።

ሌላው፣ ከፍታውን መዘንጋት ነው። አዲስ አበባ ላይ በ2,400 ሜትር ገደማ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው እንጦጦ አናት ላይ ደግሞ ወደ 70 በመቶ ይወርዳል። ሞተሩም ጉልበቱን በዚያው ልክ ያጣል። ካርቡራተር ያለው ከሆነ ነዳጁ ለቀጭኑ አየር ስለሚበዛበት ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፤ መፍትሔውም አነስተኛ ጅግለር፣ ማለትም ነዳጅ የሚያልፍበትን ባለ ጠባብ ቀዳዳ ዕቃ፣ ማስገባት ነው። አብዛኛው ሰው ግን የጎደለውን ጉልበት በፍሪሲዮን ለማካካስ፣ ግማሽ ጨብጦ ጋዙን ያስጮኸዋል። የተቃጠለ ፀጉር የመሰለው ሽታ ሲመጣ ፍሪሲዮኑ እያለቀ ነው ማለት ነው። ጉልበት ለሁለት ጎማ በሚከፈልበት መሣሪያ ላይ ደግሞ ይህ ፈጥኖ ይደርሳል፤ ዳገቱን ሳይጀምሩ ወደ ዝቅተኛው ማርሽ መውረድ ያስቀረዋል።

ስለ መንገዱ ባለቤቶች ብዙ ማለት አያስፈልገኝም። በእንጦጦ ጠባብ መንገዶች ላይ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች፣ አህዮችና ልምምድ የሚያደርጉ ሯጮች አሉ፤ እንጨት የተሸከመ ሰው ደግሞ ዞሮ ማየትም ፈቀቅ ማለትም አይችልም። ሞተሩን አጥፍቶ ዳር ይዞ ማሳለፍ ግዴታ ነው። የታረሰና የተዘራ ማሳ ውስጥ መግባት፣ መሣሪያው ቢችለውም፣ ነውር ነው። ከከተማው ለመውጣትም ወረቀትን አሟልቶ መያዝ ያስፈልጋል፤ በአዲስ አበባ ሞተር ሳይክል ማሽከርከር ከ2011 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በፈቃድ የተገደበ ነውና።

የመጨረሻው ስህተት የሚሠራው ከተመለሱ በኋላ፣ ላቫጆ ቤት ነው። አጣቢው በቅን ልቦና የውኃውን ግፊት በቀጥታ ወደ ፊት ጎማው መሐል ይለቅበታል፤ ውኃውም መከላከያ ጎሚኒውን አልፎ ኩሽኔታው ጋ ይገባል። በእኛ መሣሪያ የፊት ጎማ መሐል ላይ ኩሽኔታ ብቻ ሳይሆን፣ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚይዙት መቆለፊያዎችም አሉ፤ እነዚህ ከዛጉ የፊት ጉልበቱ ሊንሸራተት ወይም ጨርሶ ላይለቅ ይችላል። እኔ አሁን በባልዲና በብሩሽ አጥባለሁ፤ ከዚያም የፊቱን ጎማ ከመሬት አንስቼ በእጄ ወደ ፊት አዞረዋለሁ። ያለ ድምፅ በነፃ ከተሽከረከረ ደህና ነው፤ አሸዋ እንደገባበት ወፍጮ ካንኮሻኮሸ ግን ተፈትቶ፣ ታጥቦና ግራሶ ተቀብቶ እስኪገጠም ድረስ እንጦጦ አልወጣም።