ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን፦ ርቀቱንና የበረራ ሰዓቱን በራስዎ ማስላት

ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ የአየር ርቀቱ 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለማረጋገጥ ኮምፒውተር ላይ ጉግል ማፕስን ከፍተው ቦሌን በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ይጫኑ፣ ርቀት መለኪያውን ይምረጡ፣ ከዚያ ደለስን ይጫኑ። ጠፍጣፋ ካርታ ላይ መስመሩ ወደ ሰሜን ጎብጦ ይታያል፤ ምድር ክብ ስለሆነች አጭሩ መንገድ እሱ ነው። በሱዳን፣ በሊቢያ፣ በአልጄሪያና በስፔን አድርጎ አትላንቲክን ይሻገራል። አውሮፕላኑ ግን ይህን መስመር እንዳለ አይከተልም። በጦርነት ምክንያት የሚዘጋ ሰማይ አለ፤ የሱዳን ሰማይ መዘጋት ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ያስከተለውን መጠምዘዝ ብዙ መንገደኛ ያውቀዋል።

ሰዓቱን ለማግኘት ርቀቱን ለ900 ያካፍሉ፤ የቦይንግ 787 እና የኤርባስ 350 የሰዓት ፍጥነት በዚያ አካባቢ ነው። 12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ይመጣል። ለመንደርደሪያ፣ ለመውጫና ለመውረጃ ግማሽ ሰዓት ይጨምሩ።

ቀጥሎ ነፋሱ ይገባል። አትላንቲክ ላይ ከፍታው ላይ ያለው ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል፣ በፈረንጆቹ ክረምት (ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ) ደግሞ ይበረታል። ስለዚህ ሲሄዱ በ840፣ ሲመለሱ በ950 ቢያካፍሉ ይሻላል፦ 13 ሰዓት ከ45 እና 12 ሰዓት ከ10። ግማሽ ሰዓቷ አሁንም ትደመራለች።

ታዲያ መሄጃው ለምን ከ16 ሰዓት በላይ የሚሆንበት ጊዜ አለ? ቦሌ ከባሕር ወለል 2,330 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩም ክንፉም ጉልበት ያጣሉ፤ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ መንገደኛ ይዞ መነሳት ይከብዳል። ለዚህ ነው ሮም ወይም ደብሊን ላይ ነዳጅ ለመሙላት ሲታረፍ የኖረው። ደለስ ግን ለባሕር ወለል የቀረበ ስለሆነ የመልሱ በረራ በቀጥታ ይመጣል። የሚገርመው፣ በሮም መዞር የሚጨምረው ርቀት 150 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ጊዜውን የሚበላው መሬት ላይ መቆሙ ነው።

ቲኬቱ ላይ የመነሻና የመድረሻ ሰዓት የሚጻፈው በየከተማው ሰዓት ነው፤ ዝም ብሎ መቀነስ ያሳስታል። ልዩነቱ ከማርች ሁለተኛ እሑድ እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ 7 ሰዓት፣ በቀረው ጊዜ 8 ነው። ለምሳሌ በጁላይ ከቦሌ 22፡30 (ከምሽቱ 4፡30) ተነስቶ 16 ሰዓት ተኩል የሚፈጅ በረራ ሲያልቅ አዲስ አበባ ላይ በማግስቱ 15፡00 ይሆናል። 7 ሲቀነስ ደለስ የሚደርሱት 8፡00፣ ማለትም ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነው።

በረራ የሚያስመልጠው ስህተት ግን ሌላ ነው። «ጁን 10፣ 00፡45» የሚል ቲኬት የያዘ ሰው ጁን 10 ቀን ማታ ቦሌ ይመጣል፤ አውሮፕላኑ ከሄደ ቀኑን ሙሉ ሆኖታል። ቲኬቱ ቀን የሚቀይረው እኩለ ሌሊት ላይ ስለሆነ፣ ያ ሰዓት በእኛ አነጋገር የጁን 9 ሌሊት 6፡45 ነው። ሦስት ሰዓት ቀድሞ ለመድረስ ጁን 9 ከምሽቱ 3፡45 ቦሌ መገኘት ያስፈልጋል።