የተመረጠ ጀግና እና እጅ የመስጠት ትዕይንት፦ የስክሪፕት ጸሐፊዎች ደጋግመው የሚስቷቸው ቦታዎች

የተመረጠ ሰው ታሪክ ለጀማሪ ጸሐፊ ቀላል ይመስለዋል። ትንቢት አለ፤ ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥረው ልጅ አለ፤ የሚፈራ ጠላት አለ። ልጁ መጀመሪያ እምቢ ይላል፣ ቆይቶ እሺ ይላል፣ በመጨረሻ ራሱን አሳልፎ ይሰጥና ሁሉም ይድናል። ጆሴፍ ካምቤል የጀግናን ጉዞ የተነተነበትን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1949 ካሳተመ ወዲህ የፊልም ሰዎች ይህን ቅርጽ የደረጃ በደረጃ መመሪያ አድርገውታል፤ ረቂቆች እርስ በርስ የሚመሳሰሉት በዚህ የተነሳ ነው። ቅርጹ ራሱ ጥፋት የለበትም። ጥፋት የሚሆነው መመረጡም ሆነ እጅ መስጠቱ ማንንም ምንም ሳያስከፍል ሲያልፍ ነው።

ማን እንደመረጠው ሳይናገሩ ለምን እንደተመረጠ መተረክ

አብዛኛው ረቂቅ ገጽ 12 አካባቢ አንድ አዛውንት ያመጣና ስለ ዘር ሐረግ፣ ስለ ትከሻ ምልክትና ስለ ኮከብ ሦስት ገጽ ሙሉ ያስወራቸዋል። አንድ የስክሪፕት ገጽ በፊልም አንድ ደቂቃ ገደማ ስለሚወጣው ተመልካቹ ሦስት ደቂቃ ቁጭ ብሎ ማብራሪያ ይሰማል ማለት ነው። እሱ ግን ስለ ኮከቡ ግድ የለውም። ማወቅ የሚፈልገው ማን መረጠው፣ መራጩ ምን ያተርፋል፣ ምንስ ያጣል፣ ሳይመረጥ የቀረው ማን ነው የሚለውን ነው። መመረጥ ድርጊት ነው፤ ድርጊት ደግሞ አድራጊ ይፈልጋል።

የሃሪ ፖተርን ታሪክ እዩት። ትንቢቱ የሚናገረው ሐምሌ ወር ሲያልቅ ስለሚወለድ ልጅ ነው፤ ለሁለት ሕፃናት ይገጥማል። ከሁለቱ አንዱን ለይቶ ሊገድል የሄደው፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ትቶ ከሌላው የለየው ራሱ ጠላቱ ነው። ጀግናውን የፈጠረው የጠላቱ ፍርሃት ሆነ። በዚህ አንድ ውሳኔ ብቻ ትንቢቱ፣ ጠላቱና ልጁ የማይፈታ ትስስር ውስጥ ገቡ። ዱን በተባለው ልብ ወለድ ደግሞ የበረሃው ሕዝብ የሚጠብቀውን የአዳኝ ተስፋ አስቀድሞ የዘራው ለራሱ ጥቅም የሚሠራ ኃይለኛ የሴቶች ማኅበር ነው። ፍራንክ ኸርበርት እ.ኤ.አ. በ1969 ባወጣው ቀጣይ መጽሐፉ የዚህን እምነት ዋጋ በቁጥር ያስቀምጠዋል፦ በጀግናው ስም በተካሄደው ጦርነት 61 ቢሊዮን ሰው አልቋል። ሁለቱም ደራሲዎች «ማን መረጠው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ስላላቸው ታሪካቸው ይጸናል።

የቴሌቪዥን ውድድሮች ይህን ከብዙ የፊልም ጸሐፊ በተሻለ ተረድተውታል። እ.ኤ.አ. በ2010 በኔዘርላንድስ የተጀመረው ዘ ቮይስ አሠልጣኞቹን ለዘፋኙ ጀርባቸውን ሰጥተው ያስቀምጣቸዋል። አሠልጣኙ ቁልፉን ሲጫን ወንበሩ ይዞራል፤ በቡድኑ ውስጥ ያለው ቦታ ውስን ስለሆነ በተጫነ ቁጥር አንድ ቦታ ይሄድበታል። መራጩም ከፈለ ማለት ነው። ከአንድ በላይ ወንበር ከዞረ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ አሁን መራጩ ዘፋኙ ነው፤ ሲያስጨንቁት የነበሩት አሠልጣኞች ይለምኑታል። እንዲህ ያለ መገለባበጥ በስክሪፕታችሁ ውስጥ ከሌለ የመመረጡ ትዕይንት ገና አልተጻፈም።

ትንቢቱን እንደ ውል ማርቀቅ

ትንቢት ከሁለት ዓረፍተ ነገር አይብለጥ። ማን፣ መቼ፣ በምን ዋጋ ከሚሉት ሦስት ነገሮች ቢያንስ አንዱ ተሸፍኖ ይቆይ። በሼክስፒር ተውኔት ማክቤዝ «ከሴት የተወለደ አይጎዳህም» ተብሎ ልቡ ያብጣል፤ ጠላቱ ማክደፍ ጊዜው ሳይደርስ ከእናቱ ማህፀን ተቀዶ እንደወጣ ሲነግረው ግን ያበቃለታል። ቃሉ አልዋሸም፤ ሰሚው ነው ለራሱ እንዲመቸው አድርጎ የተረጎመው።

ምክንያት የሌለው እምቢታ

«እኔ አይደለሁም፣ ሌላ ፈልጉ» የሚለው ንግግር ሦስት ጊዜ ከመጣ ሁለቱን ሰርዙ። የቀረውን አንዱን የሚጨበጥ ነገር አስይዙት፦ የታመመች እናት፣ ቀነ ገደቡ የደረሰ ዕዳ፣ የሚጠብቅ ልጅ። ትሕትና ብቻውን ትዕይንት አይሸከምም።

እምቢታው ጭራሽ ባይኖርስ? በዘ ሃንገር ጌምስ ልጆች እስከ ሞት ወደሚፋለሙበት ውድድር የሚላኩት በዕጣ ነው። ዕጣ የወጣባት ታናሽ እህት ስሟ በዕጣው ውስጥ የነበረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የታላቅ እህቷ ስም ግን ሃያ ጊዜ። ዕጣው ለትንሿ ሲወጣ ታላቋ «እኔ ልሂድ» ብላ ትወጣለች። መመረጥና ራስን መስጠት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ተፈጸሙ፤ ሁሉንም ያሠራው ቀድሞ የተነገረው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ባይኖር ጩኸት ብቻ ይቀር ነበር።

ባዶ እጅን እጅ መስጠት

ይህ ስህተት ከሁሉም በላይ ያበሳጫል፤ ጥሩ ጥሩ ረቂቆችን የሚያበላሸውም እሱ ነው። ጀግናው ጥይት ጨርሷል፣ ቆስሏል፣ ጓደኞቹ ተይዘዋል፣ መውጫው ተዘግቷል። ያኔ በጉልበቱ ይንበረከክና «እኔን ውሰዱኝ፣ እነሱን ልቀቁ» ይላል፤ ሙዚቃው ይነሳል። ጸሐፊው የመሥዋዕትነት ትዕይንት የጻፈ ይመስለዋል። የጻፈው ግን ሽንፈት ነው። የሚሰጠው ነገር የሌለው ሰው ምን ሰጠ ይባላል? ጠላት ከአምስት ደቂቃ በኋላ በጉልበት የሚወስደውን ነገር በገዛ ፈቃድ ማቅረብ ጊዜ ከመቆጠብ አያልፍም። ተመልካቹ ይህን በቃል ባያስረዳም ይሰማዋል፤ ሙዚቃው እንባ ሲለምነው ዓይኑ ደረቅ የሚሆነው ለዚህ ነው።

እጅ መስጠት ክብደት የሚኖረው ጀግናው በዚያች ቅጽበት ማሸነፍ ወይም ማምለጥ ሲችል ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣው የስታር ዋርስ ክፍል ጀግናው ሉክ ሰይፉን የሚጥለው በጠላት ወገን የቆመውን አባቱን መሬት ላይ ጥሎ፣ እጁን ቆርጦ፣ አንድ ምት ብቻ ሲቀረው ነው። የጠላት ወገን ገዥ የሆነው ንጉሠ ነገሥት «ጨርሰው» እያለው ነው። ሰይፉ ከእጁ ሲወጣ ሁላችንም ምን እንደተወ እናውቃለን፤ ቅጣቱም ወዲያው በመብረቅ ይመጣል።

በስክሪፕት ላይ እንዴት እንደሚሠራ ላሳያችሁ። አንዲት ልጅ በተከበበ ቤት ውስጥ ናት፤ ወንድሟ በጠላት እጅ ነው። ገጽ 20 ላይ ከወለሉ ሥር ወደ ወንዝ የሚያወጣ ዋሻ እንዳለ በጨረፍታ አሳዩ። ገጽ 55 ላይ አንድ ጊዜ ታምልጥበት፤ መንገዱ እውነት መሆኑን ተመልካቹ በዓይኑ ይይ። ገጽ 88 ላይ ብቻዋን ናት፤ የዋሻው ክዳን ተከፍቷል፤ ከታች የሚመጣው ነፋስ የፋኖሱን ነበልባል ያወዛውዘዋል። ክዳኑን ትዘጋለች። ቁም ሣጥኑን እየጎተተች ከላዩ ታስቀምጣለች፤ የሚጎተተው እንጨት ድምፅ ይሰማ። ከዚያ በሩን ከፍታ ትወጣለች። አንድም ቃል አያስፈልግም። «ለወንድሜ ስል ነው» የሚል ንግግር ጽፋችሁ ከሆነ አሁኑኑ ሰርዙት።

ትዕይንቱ እዚያ አያልቅም። ጠላት ተኩስ ጠብቆ ሰዎቹን ከግንብ ጀርባ አስተኝቷል፤ ባዶ እጇን ስትወጣ ሲያይ ግራ ይጋባ፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይበል። ከዚያም እሷን በመያዙ የሚያተርፈው ተጨባጭ ነገር ይኑር፤ የምትሸከመው ማኅተም፣ የምታውቀው የምስጢር ስም። ጠላት ምንም ካላተረፈ የሰጠችው ነገር አልነበረም ማለት ነው።

እንደሚተርፍ የሚያውቅ ሰው ሲሠዋ

ሁለቱን ጭብጦች አንድ ላይ ስትይዙ የሚመጣው ወጥመድ ይህ ነው። ጀግናው የተመረጠ መሆኑን ካመነ፣ ትንቢቱም እንደሚያሸንፍ ካረጋገጠለት፣ ራሱን ሲሰጥ ዋስትና ይዞ ነው። ስለዚህ እጅ ከመስጠቱ በፊት እርግጠኝነቱን ንጠቁት። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዘ ማትሪክስ ትንቢት ተናጋሪዋ ጀግናው ኒዮ የሚጠበቀው ሰው እንዳልሆነ እንዲያምን ታደርገዋለች፤ ከእሱና ከመሪው ከሞርፊየስ አንዳቸው እንደሚሞቱም ትነግረዋለች። ሞርፊየስን ለማዳን ሲሄድ እንደ ተራ ሰው ሊሞት እየሄደ እንደሆነ ያምናል። ሃሪ ፖተርም ራሱን ለጠላቱ ሊሰጥ ወደ ጫካው ሲገባ ሊተርፍ እንደሚችል አልተነገረውም፤ መካሪው ሆን ብሎ ደብቆታል። የአስማት በትሩ ከእሱ ጋር እያለም አይመዝዘውም። ስክሪፕታችሁን ከገጽ 70 ወደ ፊት አንብቡና ጀግናው ትንቢቱን የሚጠራጠርበት ትዕይንት መኖሩን አረጋግጡ፤ ከሌለ አንድ ጨምሩ።

በፍቅር ታሪክ ውስጥ መረታትን እንደ ፍቅር ማሳየት

ሴቲቱ ሦስት ጊዜ እምቢ ትላለች፤ ወንዱ በዝናብ ቆሞ ይጠብቃል፣ ደጇ ይውላል፣ በመጨረሻ ትረታለች። ይህ ተመልካችን የሚያስተምረው እምቢታን እንደ ድርድር መቁጠርን ስለሆነ ይቅር። በድርሰት ዓይንም ደካማ ነው፤ ደክሟት የተወች ገጸ ባሕርይ አልመረጠችም። እምቢታዋን ሰምቶ የሚሄድበትን ትዕይንት ጻፉ፤ አሥር ገጽ ያህል እሱ አይታይ፤ ከዚያ በራሷ እግር ሄዳ በሩን እሷ ታንኳኳ።

ጓደኞቹን አጃቢ ማድረግ

ጀግናውን ከትዕይንቱ አውጡትና ጓደኞቹ የሚፈልጉት የራሳቸው ነገር እንዳለ እዩ። በዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ መጨረሻ ላይ ክፉውን ቀለበት ወስዶ እሳት ውስጥ እንዲጥል የተመረጠው ፍሮዶ እሳተ ገሞራው አፋፍ ደርሶ አልጥልም ይላል፤ እዚያ ድረስ የተሸከመው ጓደኛው ሳም ነው፤ ቀለበቱም እሳት ውስጥ የገባው ቀለበቱን ለራሱ የሚመኘው ጎለም የፍሮዶን ጣት ነክሶ ስለወሰደው ነው። የተመረጠው ሰው ወድቆም ሥራው ሊያልቅ የቻለው ሌሎቹ የራሳቸው ፍላጎት ስለነበራቸው ነው።

በነጻ መነሳት

ጀግናው ራሱን ሰጥቶ በአራት ገጽ ውስጥ ጤናማ ሆኖ ከተነሳ ተመልካቹ እንደተታለለ ይቆጥረዋል። መነሳቱ አይከለከልም፤ ግን አንድ ነገር ይቅርበት። ፍሮዶ ጣቱን ያጣል፣ ቁስሉ በየዓመቱ ይነሳበታል፣ ያዳነው ቀዬ ውስጥ መኖር አቅቶት በመርከብ ይሄዳል። የመጨረሻውን ረቂቅ ስትጨርሱ በአንድ ወረቀት ላይ ጀግናው በገጽ 1 ላይ የነበረውን ሁሉ ዘርዝሩ፦ አካሉን፣ ሰዎቹን፣ ችሎታውን፣ ቤቱን። በመጨረሻው ገጽ ያልተመለሰለት ከሌለ ወደ እጅ መስጠቱ ትዕይንት ተመልሳችሁ የሚያጣውን ምረጡ፤ ከዚያ በኋላ ያሉትን ገጾች በሙሉ ያንን አጥቶ እንደሚኖር ሰው አድርጋችሁ እንደገና ጻፏቸው።