በቤት ስቱዲዮ የእንግዳን ስም ስክሪን ላይ ማውጣት፦ ላፕቶፕና ስዊቸር እንዴት ይገናኛሉ?

ቤት ውስጥ ቃለ መጠይቅ ወይም ትምህርት በላይቭ የምታስተላልፉ ከሆነ የእንግዳው ስም ከታች እንዲወጣ ትፈልጋላችሁ። ለዚህ ለብቻው ማሽን መግዛት ድሮ ቀረ። አንድ ላፕቶፕና አንድ ትንሽ ስዊቸር (ከካሜራና ከኮምፒውተር የሚመጡ ምስሎችን የሚያቀያይርና የሚያደራርብ መሣሪያ) ይበቃል። እኔ የማሳያችሁ ብላክማጂክ ዲዛይን በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ኤቴም ሚኒ ነው። አራት የኤችዲኤምአይ መግቢያ አለው።

ኬብሉ ቀላል ነው። ካሜራውን መግቢያ 1 ላይ፣ ላፕቶፑን መግቢያ 4 ላይ ሰኩ። የስዊቸሩን መውጫ ቴሌቪዥን ላይ ሰኩት፤ ተመልካች የሚያየውን እዚያ ታያላችሁ። ከዚያ ያንኑ ላፕቶፕ በዩኤስቢ-ሲም ከስዊቸሩ ጋር አገናኙና ኤቴም ሶፍትዌር ኮንትሮል የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫኑ።

ላፕቶፑ ስዊቸሩን እንደ ሁለተኛ ስክሪን ነው የሚቆጥረው። የዊንዶውስ ቁልፍንና የ"P" ቁልፍን አንድ ላይ ተጫኑና "ኤክስቴንድ" በሉት። "ዱፕሊኬት" ካላችሁ ግን ዴስክቶፓችሁ እንዳለ ይወጣል። ኖቲፊኬሽንም አጥፉ፤ የቴሌግራም መልእክት እንግዳው ፊት ላይ ሲለጠፍ አያምርም።

የስክሪኑን መጠን 1920 በ1080 አድርጉት። ኢትዮጵያ ውስጥ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ካሜራውንም ስዊቸሩንም በሰከንድ 25 ወይም 50 ፍሬም (ምስል) ላይ አስተካክሉ፣ የካሜራውን ሻተር ደግሞ 1/50 ሰከንድ። ካልሆነ አምፖሉ ምስሉ ላይ ሊርገበገብ ይችላል። አሜሪካ ያላችሁ 30 ወይም 60 ምረጡ፤ እዚያ መብራቱ 60 ኸርዝ ነው።

ብዙ ሰው የሚቸገረው ከዚህ በኋላ ነው። ጽሑፉ ለብቻው ይወጣል እንጂ ካሜራው ምስል ላይ አያርፍም። መላው ጥቁር ጀርባ ነው። ፓወርፖይንት ላይ ድፍን ጥቁር ስላይድ ሥሩ፣ ስሙን ከታች በነጭ ጻፉ፣ ስላይድ ሾው አድርጋችሁ ወደ ሁለተኛው ስክሪን ላኩት። በኤቴም ሶፍትዌር ኮንትሮል ውስጥ "ዳውንስትሪም ኪይ 1"ን ክፈቱ፤ ጽሑፍን ምስል ላይ የሚደርበው ክፍል ነው። "ፊል ሶርስ"ም "ኪይ ሶርስ"ም መግቢያ 4 ይሁኑ። "ፕሪ-መልቲፕላይድ" ላይ ያለውን ምልክት አንሱ። ጽሑፉን ለማውጣት "ኦን ኤር"ን ተጫኑ፤ ቀስ ብሎ እንዲገባ ከፈለጋችሁ "አውቶ"ን። ቴሌቪዥኑን እያያችሁ ጥቁሩ እስኪጠፋና ፊደሉ እስኪጠራ "ክሊፕ"ና "ጌይን"ን ከፍ ዝቅ አድርጉ።

ስዊቸሩ ጨለማውን ሁሉ ቆርጦ ይጥላል። ስለዚህ የፊደል ጥላና ከጽሑፉ ሥር ያለ ጥቁር ሰማያዊ ሰሌዳም አብረው ይጠፋሉ። የግድ ሰሌዳ ካስፈለጋችሁ ጀርባው ግልጽ የሆነ ፒኤንጂ ሠርታችሁ "ሚዲያ ፑል" (የስዊቸሩ የምስል ማስቀመጫ) ውስጥ አስገቡ፤ 20 ምስል ይይዛል። የሚቀያየር ስም ለሌለው ዝግጅት እኔ ይህንን እመርጣለሁ።

ፊደሉ ወፍራም ይሁን። ኒያላ የሚባለው ፎንት ለወረቀት ያምራል፤ ስልክ ላይ ግን ቀጫጭን መስመሮቹ ይጠፋሉ፣ "ተ"ና "ቸ"ም ይምታታሉ። ኢብሪማ ቦልድ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ይሻላል። አንዳንድ ቴሌቪዥን የምስሉን ዳር ስለሚቆርጥ ጽሑፉን ከግራና ከቀኝ 96፣ ከታች 54 ፒክስል አርቁት።