ካርድ ሳያስገቡ፣ በማስጠጋት ብቻ በፖስ ማሽን እንዴት ይከፈላል?

በማስጠጋት የሚከፈልበት ንክኪ አልባ ካርድ ባትሪ የለውም። ፕላስቲኩ ውስጥ የተጠቀለለ ቀጭን ሽቦ አለ፤ ፖስ ማሽኑ (ሻጩ የካርድ ክፍያ የሚቀበልበት መሣሪያ) በ13.56 ሜጋኸርዝ የሚያወጣውን ሞገድ ሽቦው ተቀብሎ ለቺፑ፣ ማለትም ካርዱ ውስጥ ላለችው ትንሽ ኤሌክትሮኒክ ክፍል፣ ኃይል ይሰጠዋል። ካርድ «አልነበብ አለ» ሲባልም አንዱ ምክንያት ይህ ኃይል በበቂ አለመድረሱ ሊሆን ይችላል።

ካርድዎ ላይ አራት ቅስት መስመሮች ጎን ለጎን መኖራቸውን ይዩ። ከሌሉ ማስጠጋት አይሠራም፤ ያስገቡት። ያው ምልክት ማሽኑ ላይም አለ፤ አንዳንዱ ስክሪኑ ላይ፣ ሌላው ከላዩ ወይም ከጎኑ። ካርዱ የሚጠጋው እዚያ ነው።

ሻጩ ሒሳቡን ሲጽፍ ስክሪኑን ራስዎ ያንብቡ። 350 ብር 3,500 ለመሆን አንዲት ዜሮ ትበቃዋለች።

ከዚያ ካርዱን ከቦርሳ አውጥተው ከ4 ሴንቲሜትር ባነሰ ርቀት ምልክቱ ላይ ጠፍጣፋውን ይያዙት፤ ጢጥ እስኪል አያንቀሳቅሱት። እንደ ጭራ ካወናጨፉት ቺፑ ሥራውን ሳይጨርስ ኃይሉ ይቋረጥበታል። ሁለት ካርድ ከተጠጋ ደግሞ ሁለቱም ምላሽ ይሰጡና ማሽኑ አንድ ብቻ እንዲቀርብለት ይጠይቃል። ደሴ ፒያሳ ቡና ጠጥተው «ወላሂ እኔ ነኝ የምከፍል»፣ «በሞቴ እኔ» እየተባባሉ ካርድ ለሚሽቀዳደሙ ጓደኛሞች መላው አንደኛው እጁን መሰብሰብ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ጢጥ ማለቱ ካርዱ ተነበበ ማለት እንጂ ተከፈለ ማለት አይደለም። ማሽኑ ገና ባንኩን ሊጠይቅ ነው። የሚስጥር ቁጥር ከጠየቀ በእጅዎ ከልለው ያስገቡና ስክሪኑ «ተሳክቷል» እስኪል ይጠብቁ። ሻጭም ከዚያ በፊት ዕቃውን አያስረክብ።

መሀል ላይ ኔትወርክ ቢጠፋ ወዲያው አይድገሙት። ገንዘቡ ከሒሳብዎ ወጥቶ መልሱ ብቻ መንገድ ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ሲደግሙት ሁለቴ ይከፍላሉ። ሻጩ በማሽኑ የመጨረሻውን ክፍያ ይፈልግ፣ እርስዎም የባንክዎን መልእክት ወይም ቀሪ ሒሳብዎን ይዩ። ብሩ ተቆርጦ ክፍያው ካልታየ ሰዓቱንና የማጣቀሻ ቁጥሩን ይዘው ለባንክዎ ያመልክቱ።

ማሽኑን የብረት ጠረጴዛ ላይ አያስቀምጡት፤ ብረት ሞገዱን ያዳክመዋል። ካርዱንም አንገት ላይ ለማንጠልጠል ብለው አይብሱት። ቀዳዳው ሽቦውን ከበጠሰው ማስጠጋት በዚያው ያበቃል፤ ሲያስገቡት ግን ሊሠራ ስለሚችል ጥፋቱ የማሽኑ ይመስላል።