ሰባኪው የማዳበሪያችሁን ብር ሲጠይቃችሁ

ደብረ ማርቆስ ባለች አንዲት ትንሽ የወንጌል አማኞች ጉባኤ ገንዘብ ያዥ ነኝ። ይህን የምጽፈው በተለይ ከማቻከልና ከጎዛምን ገጠር ለሚመጡ ወንድሞቼና እኅቶቼ ነው። ሚያዝያ ላይ ለበቆሎ ዘርና ለዩሪያ ያጠራቀማችሁት ብር እጃችሁ ላይ ነው። «የእምነት ዘር ዝሩ፣ መቶ እጥፍ ታጭዳላችሁ» የሚለው የቴሌቪዥን ጥሪም ያን ብር ያገኘዋል።

በሰማችሁበት ቀን ምንም አትላኩ። «በረከቱ ዛሬ ሌሊት ያልፋል» ቢሏችሁም እደሩ፤ ከባለቤታችሁም ጋር ተማከሩ። ለጌታ የሚሰጥ ስጦታ በጥድፊያ አይሰጥም።

ከዚያ ብሩን ለዩ። የዘርና የማዳበሪያው፣ ለሐምሌና ነሐሴ የሚሆነው የቀለብ፣ የልጆች ትምህርት፣ የታመመ ካለም የመድኃኒቱ ለየብቻ ይቀመጥ። ይህ አይነካም። ዘዳግም 24፥6 ወፍጮና መጅ በመያዣነት እንዳይወሰድ የከለከለው የሰው ሕይወት በእነርሱ ላይ ስለሆነ ነው፤ የእናንተም ሕይወት በዚያ ማዳበሪያ ላይ ነው። ጳውሎስም ስጦታ የሚወደደው ሰው እንዳለው መጠን እንጂ እንደሌለው መጠን እንዳልሆነ ጽፏል (2ኛ ቆሮንቶስ 8፥12)። ከተረፈው በደስታ ስጡ፤ እኔም መባ ስቆጥር ደስ የሚለኝ እንዲህ ያለው ነው።

የተጠቀሰላችሁን ጥቅስ እስከ መጨረሻው አንብቡ። ማርቆስ 10፥30 መቶ እጥፉን ሲናገር «ከስደት ጋር» ይላል፤ ይህን ቃል ዘልሎ የሚሰብክ ሰው ወንጌሉን ቆርጦታል። ኤልሳዕ ንዕማንን ከለምጹ አድኖ ስጦታውን እንዳልተቀበለም አትርሱ። ስጦታውን ፈልጎ ንዕማንን ተከትሎ የሮጠው የኤልሳዕ አገልጋይ ግያዝ ነው።

ብሩን ማን እንደሚቆጥረው፣ ማን እንደሚፈርምበት፣ ደረሰኝ እንዳለው ጠይቁ። ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም፤ ማንም እንዳይነቅፈው ሌሎች ወንድሞችን አብሮ ልኳል። ሐዋርያው ያደረገውን አድርግ ሲባል የሚቆጣ አገልጋይ ገንዘባችሁን ሊይዝ አይገባውም።

እኔን ከሁሉ የሚያመኝ ግን «ምርት ያጣኸው እምነት ስለጎደለህ ነው» የሚለው ንግግር ነው። ይህ ድሃውን ሁለት ጊዜ ይዘርፈዋል። በአካባቢያችን ብዙ ማሳ አሲዳማ ሆኗል፤ ለዘመናት የወረደው ከባድ ዝናብ የአፈሩን ንጥረ ነገር አጥቦ ወስዶታል፤ ማዳበሪያ ብቻ ቢጨመርበትም እንደሚገባው አይሰጥም። ስለዚህ ጸልዩ፣ የቀበሌያችሁንም የግብርና ባለሙያ አፈሩን እንዲያስመረምርላችሁ ጠይቁ። አሲዳማ ከሆነ መድኃኒቱ የግብርና ኖራ ነው፤ ከመዘራቱ አስቀድሞ ከአፈሩ ጋር ይደባለቃል፣ መጠኑም በምርመራው ይወሰናል። ኖራው ብዙ ኩንታል ስለሚጠይቅ ከጎረቤት ጋር ተባብሮ ማጓጓዝ ይሻላል። ይህን የምለው ከእምነት ጎድዬ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 እና በ2009 በጋና አክሮፖንግ የተሰበሰቡ፣ የሎዛን ንቅናቄ የተባለው ዓለም አቀፍ የወንጌል አማኞች ኅብረት አፍሪካውያን የነገረ መለኮት ሰዎችም ድህነትና ሕመም ሁልጊዜ የእርግማን ወይም የእምነት ማነስ ምልክት ነው የሚለውን ትምህርት አንቀበልም ብለዋል።

ብሩን አስቀድማ የላከች እኅት ካለች አትውቀሷት፤ እፍረቱ ይበቃታል። ለዘር የቀራት ምን እንደሆነ በቀስታ ጠይቋት፤ ግንቦት ሳያልፍም ከየቤታችሁ አዋጥታችሁ የጎደላትን ሙሉላት።