ድራይቨሩና ሬጉሌተሩ የተገናኙ ሲመስሉ፦ ችግርና መፍትሄ

በሊኑክስ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ውስጥ ተጠቃሚ ድራይቨር (መሣሪያን የሚያሠራና ለእርሱ ኃይል የሚጠይቅ ፕሮግራም) ከሬጉሌተር (ቮልቴጅ ከሚያቀርበውና ከሚቆጣጠረው ክፍል) ጋር የሚገናኘው በስም ነው። ድራይቨሩ «ቪዲዲ» የተባለ አቅርቦት ሲጠይቅ ከርነሉ በዲቫይስ ትሪው (የቦርዱን ክፍሎች በሚዘረዝረው ፋይል) ላይ፣ በዚያው መሣሪያ ኖድ (የመሣሪያው መግለጫ ክፍል) ሥር፣ «ቪዲዲ-ሰፕላይ» የሚል ፕሮፐርቲ ይፈልጋል። ከሚከተሉት ችግሮች እጅግ አሳሳቹ የሚመነጨው ከዚህች ስም ስለሆነ በእርሱ እጀምራለሁ።

ችግር፦ ሴንሰሩ ቦርዱ እንደተነሳ በትክክል ያነባል፤ 30 ሰከንድ ያህል ቆይቶ ግን ጸጥ ይላል። ድራይቨሩ ያወጣው የስህተት መልእክት የለም።

ምክንያት፦ ድራይቨሩ «ቪዲዲ» ብሎ ሲጠይቅ ዲቫይስ ትሪው ላይ የተጻፈው «ቪሲሲ-ሰፕላይ» ነበር። ከርነሉ ስሙን ሲያጣ ጥያቄውን ውድቅ አያደርገውም፤ አቅርቦቱ እንዳልተገኘ በሎጉ ላይ አንድ መስመር ጽፎ በምትኩ «ዳሚ» (የይስሙላ) ሬጉሌተር ይሰጣል፣ እርሱን ማብራትም ሁልጊዜ ይሳካል። እውነተኛው ሬጉሌተር ቡትሎደሩ (ከርነሉን የሚያስነሳው ፕሮግራም) አብርቶ ስለተወው ብቻ እስከዚያው ሠርቷል፤ ከርነሉ ግን ከተነሳ ከ30 ሰከንድ ገደማ በኋላ ማንም ያልያዛቸውን ሬጉሌተሮች ያጠፋል።

መፍትሄ፦ በዲበግኤፍኤስ (ከርነሉ የውስጥ ሁኔታውን በሚያሳይበት የፋይል ሥርዓት) ሥር፣ ሬጉሌተር በሚባለው ማውጫ ውስጥ፣ «ሬጉሌተር ሰመሪ» የሚለውን ፋይል ይክፈቱ። መሣሪያዎ በትክክለኛው ሬጉሌተር ሥር ካልተዘረዘረ ግንኙነት የለም ማለት ነው፤ ስሙን በድራይቨሩ የባይንዲንግ ሰነድ (ዲቫይስ ትሪው ላይ ምን እንደሚጻፍ በሚገልጸው) መሠረት ያስተካክሉ። ብዙዎች በዚህ ጊዜ ሬጉሌተሩን «ኦልዌይስ-ኦን» (ሁልጊዜ የበራ) ያደርጉታል። ይህ ምልክቱን ይሸፍናል እንጂ ግንኙነቱን አይፈጥርም፤ መሣሪያው ሥራ ሲፈታም ኃይሉ አይቋረጥም።

ችግር፦ የድራይቨሩ ፕሮብ (መሣሪያውን ተረክቦ ሥራ የሚያስጀምርበት ደረጃ) አይጠናቀቅም፤ ሬጉሌተሩን ሲጠይቅ -517 ይመለሳል።

ምክንያትና መፍትሄ፦ ስሙ ተገኝቷል፤ ሬጉሌተሩን የሚያቀርበው ድራይቨር ግን ገና አልተመዘገበም። ተጠቃሚው ድራይቨር ስህተቱን ሳይለውጥ ከመለሰው ከርነሉ ቆይቶ እንደገና ይሞክራል። መሣሪያው «ዲቫይስስ ዲፈርድ» በተባለው የዲበግኤፍኤስ ፋይል ውስጥ ለዘለቄታው ከቀረ፣ የኃይል አቅራቢው ቺፕ ድራይቨር በከርነል ኮንፊግ መመረጡንና ኖዱ «ዲሴብልድ» (እንዳይሠራ የተደረገ) አለመሆኑን ያረጋግጡ።

ችግር፦ ቮልቴጅ ለመቀየር ሲሞከር -1 ወይም -22 ይመለሳል።

ምክንያትና መፍትሄ፦ -1 ፈቃድ አለመኖሩን ያመለክታል። ከርነሉ ቮልቴጅ እንዲቀየር የሚፈቅደው በሬጉሌተሩ ኖድ ላይ ዝቅተኛውና ከፍተኛው ማይክሮቮልት ተጽፈው እርስ በርስ ሲለያዩ ነው። ገደቡ ግን ቦርዱ ላይ ያሉት ክፍሎች በሙሉ ከሚችሉት እንዳያልፍ ሼማቲኩን (የቦርዱን የኤሌክትሪክ ንድፍ) ሳያዩ አያስፉት። -22 (ልክ ያልሆነ እሴት) ሲሆን በመጀመሪያ የመለኪያ አሃዱን ይመልከቱ፦ 1.8 ቮልት የሚጻፈው በማይክሮቮልት 1800000 ተብሎ ነው፤ 1800 ብሎ በሚሊቮልት የጻፈ ሰው ከገደቡ ውጭ ጠይቋል። ሬጉሌተሩን ሌላ ድራይቨርም ከተጋራውና የሁለቱ የቮልቴጅ ክልል የማይገናኝ ከሆነ ደግሞ ውጤቱ ያው ነው።

ችግር፦ ሎጉ ሬጉሌተሩ የጠፋበት ብዛት ከበራበት ብዛት እንደበለጠ ያስጠነቅቃል።

ምክንያትና መፍትሄ፦ ከርነሉ ማብራትና ማጥፋትን ይቆጥራል፤ ለአንድ ማብራት አንድ ማጥፋት ብቻ ይፈቀዳል። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው ሰስፔንድ ሲደረግ (ሥርዓቱ ለጊዜው ሲያንቀላፋ) ያጠፋው ድራይቨር ከከርነሉ ሲነቀል ዳግመኛ በሚያጠፋበት ቦታ ነው፤ ስለዚህ እነዚህን ሁለት ፋንክሽኖች ጎን ለጎን አድርገው ያንብቡ።