በአጥንት ላይ በመርፌ መቅረጽ፦ የዓሣ ነባሪ አዳኞች ጥበብ

እ.ኤ.አ. በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአሜሪካ ከሚገኙት ከናንተኬትና ከኒው ቤድፎርድ ወደቦች ተነሥተው ዓመታትን በባሕር ላይ ያሳልፉ የነበሩ ዓሣ ነባሪ አዳኞች፣ ሥራ በማይበዛባቸው ሰዓታት የዓሣ ነባሪን ጥርስ በሸራ መስፊያ መርፌና በሰንጢ እየጫሩ የመርከባቸውን ምስል ያወጡበት፣ ጭረቱንም በጥላሸት ያጠቁሩት ነበር። ፍሬድሪክ ማይሪክ የተባለው መርከበኛ ሱዛን በተሰኘችው መርከብ ላይ ሳለ በ1828 እና በ1829 የቀረጻቸው ጥርሶች ዛሬም ከጥበቡ ምርጥ ሥራዎች መካከል ይቆጠራሉ።

አሁን የዓሣ ነባሪና የዝሆን ጥርስ ንግድ በዓለም አቀፍ ስምምነት በጥብቅ የተገደበ ስለሆነ፣ ለጀማሪ የምመክረው የከብት ቅልጥም ነው። ከመቅኔውና ከሥጋው ከጸዳ በኋላ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በተጨመረበት ውኃ፣ ሳይንተከተክ፣ በዝግታ ይሞቃል፤ ቅባቱ ሲወጣ 3 በመቶ በሆነ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ተዘፍዝፎ ይነጣል፣ ከዚያም በጥላ ይደርቃል። በረኪና አጥንቱን ስለሚያፈረካክሰው ፈጽሞ አይጠቀሙበት።

የሥራው ዋና ክፍል ማለስለስ ነው፤ ብዙዎች ቸኩለው የሚያልፉትም ይህንኑ ነው። የአጥንት ብናኝ ሳንባን ስለሚጎዳ አፍና አፍንጫን ሸፍነው፣ ብርጭቆ ወረቀቱን ውኃ እያስነኩ፣ ከሻካራው ወደ ደቃቁ እየተሸጋገሩ፣ ገጽታው እስኪያብረቀርቅ ድረስ ይፈትጉት። ቀጥሎ ስስ ሰም ይቀቡትና ይወልውሉት፤ ሰሙ ጥቃቅን ቀዳዳዎቹን ካልደፈነ ቀለሙ ከጭረቱ ውጭ ሰርጎ ሥዕሉን ያበላሸዋል።

ንድፉን ለማስተላለፍ የመርከበኞቹ ዘዴ ዛሬም ይሠራል፦ በወረቀት ላይ ያለውን ሥዕል አጥንቱ ላይ አድርገው ጠርዙን በመርፌ ጫፍ እየወጉ ነጠብጣብ ይተዉና፣ ወረቀቱን አንሥተው ነጠብጣቦቹን በጭረት ያገናኛሉ። መርፌውን በእንጨት እጀታ ላይ አጥብቀው ያስሩት፤ አንድ ጊዜ በኃይል ከመጫር ይልቅ በአንዱ መስመር ላይ ደጋግሞ በቀስታ መሄድ ይሻላል፣ ምክንያቱም የሳተ ጥልቅ ጭረት የሚጠፋው ገጽታውን እንደገና በመፈተግ ብቻ ነው። ጥላ የሚያስፈልገው ቦታ የሚጠቁረው በተቀራረቡ ጭረቶች ወይም ነጠብጣቦች ነው። መብራቱ ከጎን ሲያርፍ እያንዳንዱ ጭረት በግልጽ ይታያል።

ጥቂት መስመሮች እንደጨረሱ ጥቁር ቀለም ይቀቡና በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ቀለሙ በጭረቱ ውስጥ ብቻ ይቀራል፣ የደበዘዘውንም መስመር ያኔ ያጠብቁታል። ሥዕሉ ሲያልቅ እንደገና ሰም ይቀቡት፤ እንዳይሰነጠቅም ከፀሐይና ከምድጃ ሙቀት ያርቁት።